የአሮጌ ኮሮላዬን ዘይትና ፊልትሮ በገዛ እጄ ስለ መቀየር

ጎንደር ውስጥ የምነዳት መኪና ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 የተሠራች፣ ሰው በተለምዶ ዲኤክስ የሚላት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 4ኬ የሚባለው፣ 1290 ሲሲ የሆነውና በካርቡራተር የሚሠራው የድሮ ሞተር ነው። ይህችን መኪና ለዓመታት በየስድስት ወሩ ወደ አንድ ጋራዥ እየወሰድኩ ዘይትና ፊልትሮ፣ ማለትም የዘይት ማጣሪያ፣ አስቀይር ነበር፤ ሒሳቡም የዘይት፣ የፊልትሮና የእጅ ዋጋ ተብሎ በሦስት መስመር እየተጻፈ ይቀርብልኝና ያለ ክርክር እከፍል ነበር። ይሁን እንጂ ዘይቱ በተቀየረ በሁለተኛው ሳምንት ጥላሸት እየመሰለ ሲያስቸግረኝ ጥርጣሬ ስለ ገባኝ፣ በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ መኪናዋን ከመውሰዴ በፊት የባለቤቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሼ በፊልትሮው ጎን ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ አደረግሁ። መኪናዋ "ሁሉም ተቀይሮላታል" ተብላ ስትመለስ ኮፋኖውን ከፍቼ ባይ ነጥቧ በቦታዋ ነበረች፤ ፊልትሮው ግን በጨርቅ ተወልውሎ አዲስ መስሏል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ዘይት ቶሎ መጥቆሩ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አለመሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ በስስ አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚንና ጥላሸቱም በፒስቶኑ ፋሻ፣ ማለትም በዙሪያው ባሉት የብረት ቀለበቶች፣ በኩል እየሾለከ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት የተሠራውም ይህን እድፍ ይዞ እንዲንሳፈፍ ስለሆነ መጥቆሩ ሥራውን መሥራቱን ያሳያል እንጂ መበላሸቱን አያሳይም። ስለዚህ ጥርጣሬዬ የተነሣው በተሳሳተ ምልክት ነበር፤ ነጥቧ ግን አልተሳሳተችም።

ወደ ጋራዡ ተመልሼ ከመጨቃጨቅ ይልቅ በሰፈራችን ማራኪ አካባቢ የሚኖሩትን፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ጎረቤቴን ማማከር መረጥሁ። ጉዳዩን ስነግራቸው ሳቅ አሉና "ልጄ፣ ዘይት መቀየር ቡና ከማፍላት የከበደ ሥራ አይደለም፤ ቸኩለህ ካፈላኸው ግን ቡናውም ይገነፍላል" አሉኝ። ሥራውን እኔ ራሴ እንድሠራና እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዲመለከቱ ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ቀይሬአለሁ፤ ከነዚህም የመጀመሪያው በመንገድ ላይ አዋርዶኛል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም ዲኤክስም ሆነ ሌላ አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ያ ውርደት እንዳይደርስባቸው በማሰብ ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብላችሁ ይህን ሥራ አትጀምሩት። ለዘይት መቀየሪያ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ከዘይቱና ከፊልትሮው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ መሣሪያ ለመግዛት የምታወጡትን ለመመለስም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ትርፉ ሌላ ነው፦ ምን ዓይነት ዘይት እንደገባ፣ ፊልትሮው በእርግጥ እንደ ተቀየረና ሞተሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በኋላም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንደኔ ያለው ሰው ያለችውን መኪና ከመንከባከብ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።

ፊልትሮው ሳይቀየር ዘይቱ ብቻ ቢቀየር ምን ይጎዳል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም እጠይቅ ነበር። መልሱ ያለው ፊልትሮው ውስጥ ባለች ትንሽ ማሳለፊያ ቫልቭ ላይ ነው። የፊልትሮው ወረቀት በእድፍ ሲደፈን ሞተሩ ዘይት አጥቶ እንዳይነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ እንዳይቆም፣ ይህች ቫልቭ ትከፈትና ዘይቱን ሳይጣራ ታሳልፈዋለች። ስለዚህ ፊልትሮው ሲሞት የሚያስጠነቅቅ መብራት አይበራም፣ ድምፅም አይሰማም፤ ሞተሩ በደህና ይሠራል፣ ነገር ግን አሸዋና የብረት ብናኝ ያለበት ዘይት በብሮንዚኖቹ፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ በሚዞርባቸው ስስ የብረት መቀመጫዎች፣ መካከል ሲመላለስ ይውላል። ፊልትሮውን ወልውሎ መተው ለሚያጭበረብር ሰው የሚመቸውም ለዚህ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ከዚያ ቀን ጋር አያያይዘውም።

መቼ መቀየር እንዳለበት በኪሎ ሜትር መቁጠር የተለመደ ነው፤ ለእንደዚህ ዓይነት ሞተርና ለተራው የማዕድን ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይባላል። የኔ መኪና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ገመዷ ከተበጠሰ ዓመታት ስላለፉት በወር ነው የምቆጥረው። በእርግጥ ለኔ ዓይነቱ አነዳድ ወሩ ከኪሎ ሜትሩ ይሻላል። ጠዋት ከማራኪ ተነሥቼ ፒያሳ እስክደርስ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ሞተር ሳይሞቅ ሲጠፋ ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ እንፋሎትና ጥሬ ቤንዚን ተንኖ መውጣት ሲገባው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በመሆኑም በስድስት ወር ውስጥ 2,000 ኪሎ ሜትር እንኳ ባልነዳ ዘይቱን ከመቀየር አልቦዝንም። በአንጻሩ በበጋ የጥርጊያ መንገድ አቧራ ውስጥ የሚውል ሰው ስድስት ወር መጠበቅ የለበትም።

ስለ ዘይቱ ዓይነት ጎረቤቴን ስጠይቃቸው በእሳቸው ዘመን "ቁጥር 40" ብቻ ይገዛ እንደነበር ነገሩኝ። ያ ዘይት ሲሞቅ ጥሩ ነው፤ በታኅሣሥ ብርዳማ ጠዋት ግን እንደ ማር ስለሚወፍር ሞተሩ በተነሣባቸው የመጀመሪያ ሰከንዶች ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ ከሞተር መበላት ብዙው ደግሞ የሚደርሰው በእነዚያ ሰከንዶች ነው። እኔ የምጠቀመው 20 ደብሊው 50 የተባለውን ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት፣ በኋላ ያለው ደግሞ በሙቀት ጊዜ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። ሞተሯ አርጅቶ በብሮንዚኖቹ መካከል ያለው ክፍተት ስለ ሰፋ ሲሞቅ ወፈር የሚል ዘይት ይስማማታል፤ ብዙ ያልተበላ ሞተር ያለው ሰው ግን 15 ደብሊው 40 ቢያደርግ ምንም አይጎድልበትም። በዕቃው ላይ ኤ ፒ አይ ከሚለው የደረጃ ምልክት ቀጥሎ በኤስ የሚጀምር ሁለት ፊደል ካለ ለቤንዚን ሞተር፣ በሲ የሚጀምር ካለ ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ነው፤ ሁለቱም የተጻፈበት ለሁለቱም ይሆናል። ከምንም በላይ ግን የክዳኑን ማሸጊያ ቀለበት ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ቀለበቱ ተቆርጦ እንደገና የተጫነ ጀሪካን ተሽጦልኝ ቤት ደርሼ ስከፍተው የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ ከዚያ በኋላ ማሸጊያውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ራሴ ሳልበጥስ ገንዘብ አልሰጥም።

ብዛቱን በተመለከተ የኔ ሞተር ከነፊልትሮው 3.5 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ የ4 ሊትሩን ጀሪካን ገዝቼ የተረፈውን ለመሙያ አስቀምጣለሁ። ከዘይቱ ሌላ የሚያስፈልጉኝ 14 ቁጥር ቁልፍ፣ አዲስ ፊልትሮ፣ ለመፍሰሻው ቡሎን የሚሆን አዲስ ሮንዴላ፣ ማጠራቀሚያ ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ጨርቅና ጓንት ናቸው። ሳፋውን በተመለከተ ባለቤቴ የሰጠችኝ ማስጠንቀቂያ አጭር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በውጭው ላይ በጉልህ "ዘይት" ተብሎ የተጻፈበት የራሴ ሳፋ አለኝ።

ጎንደር ውስጥ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው ከመሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው ደልዳላ ቦታ ነው። ከተማችን የተመሠረተችው በኮረብታና በተዳፋት ላይ ስለሆነ፣ ግቢዎቻችን ለዓይን ደልዳላ ቢመስሉም አብዛኞቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። መኪና ባዘነበለበት የዘይት መለኪያ ዘንግ ውሸት ይናገራል፤ እንዳጋደለችበት ወገን ወይ የሞላች ወይ የጎደለች ትመስላለች። እኔ ከአንድ ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ በበሩ ደፍ ላይ በማስቀመጥ የግቢዬን ደልዳላ ቦታ ፈልጌ አገኘሁና አራቱ ጎማዎች የሚቆሙበትን በድንጋይ ምልክት አድርጌአለሁ። ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዘይት የበዛባት መኪና ከጎደለባት ብዙም አትሻልም፣ ክራንኩ፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዘንግ፣ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋልና፣ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም።

የኔዋ መኪና ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች የፊት ጎማዎቿን በሁለት ወፋፍራም ሳንቃዎች ላይ አወጣና ከሥሯ በቂ ቦታ አገኛለሁ። ማርሹን አስገብቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር በሁለቱም ወገን ታኮ አደርጋለሁ። በክሪክ ብቻ በተነሣች መኪና ሥር አትግቡ። ጎረቤቴ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆም አልተሠራም ይላሉ፣ ይህንንም ሲሉ የግራ እጃቸውን ሁለት የጎደሉ ጣቶች ያሳያሉ።

ሞተሩን አስነሥቼ ለሰባት ወይም ለስምንት ደቂቃ ካቆየሁ በኋላ አጠፋለሁ። ቀዝቃዛ ዘይት እድፉን ከሥር አስተኝቶ ይቀራል፤ እሳት የሆነ ዘይት ደግሞ እጅ ይልጣል፤ የሚፈለገው እጅ የሚችለው ሙቀት ነው። ከላይ ያለውን የዘይት መሙያ ክዳን ከፍቼ እተወዋለሁ፣ አየር ሲገባ ዘይቱ ሳይንተከተክ ስለሚወርድ። ከዚያም ከሥር ገብቼ የመፍሰሻውን ቡሎን እፈታለሁ። ይህ ቡሎን በሌላ ሰው እጅ የታሰረ እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ መፍታት ከባድ ነው፤ የኔው በጋራዡ በጣም ከመጥበቁ የተነሣ በቁልፉ እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ ነው የተንቀሳቀሰው። አፉ ክፍት በሆነው ቁልፍ አትሞክሩት፤ ማዕዘኖቹን ያንሸራትታል። ዙሪያውን አቅፎ በሚይዝ ቁልፍ ወይም በቡሶላ ብቻ ነው መፈታት ያለበት። በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ግራና ቀኝ ይምታታል፤ የቡሎኑን ራስ ፊት ለፊት እንዳያችሁት አድርጋችሁ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩ።

ቡሎኑ በእጅ መዞር ከጀመረ በኋላ ጎረቤቴ ያስተማሩኝ ብልሃት አለ። ወደ ውስጥ እየተጫናችሁ አዙሩት፤ የመጨረሻው ጥርስ እንደ ለቀቀ ሲሰማችሁ ባንድ ጊዜ ወደ ጎን ንጠቁት። እንዲህ ካላደረጋችሁ ዘይቱ በክንድ በኩል ወደ ብብት ይወርዳል፣ ቡሎኑም ሳፋው ውስጥ ይሰጥማል። እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ዘይቱ ቀጥኖ ጠብ ጠብ እስኪል ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ይህን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያባክነው ይመስለኛል። እኔ የወረደውን ዘይት በብርሃን እመረምረዋለሁ። ጥቁር ከሆነ ምንም አይደለም። ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ምናልባት የቴስታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተበልቷል፣ እንዲህ ያለች መኪና ዘይት ተቀይሮላት ብቻ መንገድ መውጣት የለባትም። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸትና ከወትሮው የቀጠነ ከሆነ፣ በተለይም የዘይቱ ልክ ሳትሞሉት ከፍ ብሎ ከሆነ፣ በሞተሩ ጎን ያለው የቤንዚን ፓምፕ ውስጡ ተቀድዶ ቤንዚን ወደ ዘይት እየለቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች የታወቀ ሕመም ነው። በጣታችሁ መካከል ስትፈትጉት እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ ደግሞ ብሮንዚን እየተበላ ነውና ጊዜ ሳትሰጡ ባለሙያ አማክሩ። በኔ መኪና በአራተኛው ለውጥ ላይ የቤንዚን ሽታ አገኘሁና ፓምፑን አስቀየርኩ፤ ይህን ያወቅሁት ዘይቱን ራሴ ስላወረድኩ ነው።

አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ሞተሩን በናፍጣ ማጠብ ይወዳል። ጎረቤቴ አጥብቀው ከለከሉኝ። ለብዙ ዓመት የተጋገረ እድፍ ባንድ ጊዜ ተፈንቅሎ የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ወንፊት ሊደፍን ይችላል፤ በየቧንቧው የቀረው ናፍጣም አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። አሮጌ ሞተር መንጻት ካለበት ቶሎ ቶሎ በሚቀየር ዘይት ቀስ ብሎ ይንጻ።

ቡሎኑ ሲመለስ አዲስ ሮንዴላ ይደረግለታል። ሮንዴላው ከሞተሩ ለስለስ ያለ ሆኖ የተሠራው ሲጠብቅ ተጨፍልቆ እንዲደፍን ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አይሠራም፣ ሰዎች ግን አሮጌውን መልሰው ያስገቡና ሲያንጠባጥብባቸው ቡሎኑን ይበልጥ ያጠብቃሉ፤ በመጨረሻም የዘይት ቋቱ ጥርስ ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጄ ብቻ አዞራለሁ፣ ጥርሱ ተጣሞ ከገባ ቁልፍ አይሰማውም፣ እጅ ግን ይሰማዋልና። ከዚያ በአጭር ቁልፍ፣ በአንድ እጅ ጉልበት እስኪረግጥ ድረስ አጠብቃለሁ። ረጅም ቁልፍ ለመፍቻ እንጂ ለማጥበቂያ አልጠቀምም።

አሁን ወደ ፊልትሮውና ወደ ውርደቴ ደረስን። አሮጌው ፊልትሮ በእጅ እምቢ አለ። ለዚህ የተሠራ ሰንሰለት ያለው ቁልፍ አለ፤ እኛ ግን የተጣለ የሞተር ቺንጋ ጠምጥመን በቺንጋው ውስጥ እንጨት አስገብተን እንደ ማነቂያ አዞርነውና ለቀቀ። ካቻቪቴ ወግቶ ማሽከርከር የሚሉትን ዘዴ አልወደውም፤ ቆርቆሮው ይቀደድና መያዣ ያሳጣል። ፊልትሮው ሲወጣ ውስጡ ብዙ ዘይት ስላለ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፣ ደስ እያለኝም ቀይ ነጥቧን ለጎረቤቴ አሳየሁ። በዚያ ደስታ ላይ ሳለሁ የምሳ ሰዓት ደረሰና እሳቸው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እኔም "ከዚህ በኋላማ ምን አለው" ብዬ አዲሱን ፊልትሮ ብቻዬን ለማሰር ተቻኮልኩ።

የአዲሱን ፊልትሮ ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበቱን፣ በጣቴ አዲስ ዘይት ቀባሁት። በእጄ እያዞርኩ ቀለበቱ ሞተሩን እስኪነካ ድረስ አስገባሁት፤ ከነካ በኋላ ደግሞ እንደ ተባልኩት ሦስት ሩብ ዙር ያህል በእጄ አጠበቅሁት። ዘይቱን ሦስት ሊትር ያህል ሞልቼ፣ ጥቂት ጠብቄ፣ በዘንጉ ለክቼ፣ እየጨመርኩ ከላይኛው ምልክት በጥቂት ዝቅ አድርጌ ተውኩ። ሞተሩን ሳስነሣ ቀይዋ የዘይት መብራት አራት ሰከንድ ያህል ቆይታ ጠፋች፤ አዲሱ ፊልትሮ እስኪሞላ ድረስ ያን ያህል መቆየቷ የተለመደ ነው። በዚያ ጊዜ ቤንዚን መርገጥ አያስፈልግም፤ አስር ሰከንድ ካለፈ ግን ማጥፋትና ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ከሥር አየሁ፤ ጠብታ የለም። እጄን ታጥቤ በኩራት ወደ አዘዞ ነዳሁ።

አዘዞ ሳልደርስ፣ ዳገቱን ስጀምር፣ ከኮፋኖው ሥር ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ ወዲያውም ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ሞተሩን እዚያው አጥፍቼ በነበረኝ ፍጥነት ተንሸራትቼ ዳር ያዝኩ። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ስመለከት በአስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር እንደ ክር ተዘርግቶ ነበር። ለጎረቤቴ ስልክ ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ዘይቱ በሙሉ ፈሰሰብኝ።"

"ሞተሩን መቼ አጠፋኸው?"

"መብራቷ እንደ በራች፣ ወዲያው።"

"እንግዲያው አልሞተችም። እንዳትነካት፣ እንዳታስነሣት፤ መጣሁ።"

በባጃጅ፣ የተረፈውን ዘይትና ተጨማሪ ሁለት ሊትር ይዘው መጡ። ፊልትሮውን ፈትተው ገና ሳያዩ እጃቸውን ወደ ሞተሩ ሰደዱና አንድ ጥቁር የጎማ ቀለበት ልጠው አወጡ። የአሮጌው ፊልትሮ ቀለበት ለዓመታት በሙቀት ደርቆ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ኖሮ፣ ፊልትሮው ሲወጣ እሱ እዚያው ቀርቷል። እኔም ሳላይ አዲሱን በላዩ ላይ አሰርኩ። ሁለት ቀለበቶች ተደራርበው ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ያለውን ግፊት ይችላሉ፤ ግቢ ውስጥ ጠብታ ያላየሁት ለዚህ ነው። የሞተሩ ዙር ሲጨምር የዘይቱ ግፊት ይጨምራል፣ አንደኛው ቀለበት ይሸሻል፣ ዘይቱም በደቂቃ ውስጥ ተረጭቶ ያልቃል። ጎረቤቴ አልተቆጡኝም፤ ቀለበቱን በኪሴ ከተውት "እሷን እያየህ ሥራ" አሉኝ ብቻ።

ከዚህ የተነሣ አሮጌ ፊልትሮ ሲወጣ ፊቱን ገልብጣችሁ ቀለበቱ አብሮ መምጣቱን ተመልከቱ። ከሌለ ሞተሩ ላይ ነው። ቢኖርም የሞተሩን መቀመጫ በንጹሕ ጨርቅ ወልውላችሁ በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። አዲሱንም ከመግዛታችሁ በፊት ከአሮጌው ጋር አስተያዩት፤ የቀለበቱ ስፋትና የመሐሉ ጥርስ እኩል መሆን አለበት፣ የቆርቆሮው ቁመት ግን ትንሽ ቢለያይ ችግር የለውም። የቀለበቱን ጉዳይ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ቢይዝልኝ ከአዘዞ መንገድ የደረሰብኝ ዕፍረት ከንቱ አይሆንም።

ሥራው ካለቀ በኋላ መኪናዋን ከሳንቃዎቹ ወደ ደልዳላው ቦታ አውርዶ ሞተሩን ለሦስት ደቂቃ ያህል አስነሥቶ ማጥፋት፣ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አምስት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያም እንደገና መለካት ያስፈልጋል፤ ፊልትሮው የጠጣው ያኔ ይጎድላልና። እኔ ከአዘዞው ቀን ወዲህ ሌላም ጨምሬአለሁ፦ ግቢ ውስጥ እንደ ቆመች ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል ከፍ ባለ ዙር አቆይቼ ከሥር ካርቶን አነጥፍና እመለከታለሁ። በማግሥቱም ከመነሣቴ በፊት ካርቶኑን አያለሁ።

የወጣውን ዘይት በተመለከተ ጎንደር ውስጥ የሚደረገውን ሁሉም ያውቃል። አንዱ በቦይ ያፈሰዋል፣ ሌላው አቧራ ያረግፋል ብሎ በግቢው ይረጨዋል፣ ሌላው መዥገር ያጠፋል ብሎ ከብት ይቀባዋል። የከተማችን የመጠጥ ውሃ ከሚመጣባቸው ዋነኛ ምንጮች አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው፤ በየቦዩ የፈሰሰ ዘይት ደግሞ በክረምት ጎርፍ ወደ ቀሀና ወደ አንገረብ ወንዞች ከመውረድ የሚያግደው የለም። የተቃጠለ ዘይት በቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲቀባ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችልም የታወቀ ስለሆነ ለሰውም ለከብትም መድኃኒት አይሆንም፤ ጓንት የማደርገውም ለዚሁ ነው። እኔ ባዶው ጀሪካን ውስጥ መልሼ እሞላውና የግንባታ ፎርማ ለሚቀባ አናጢ እሰጣለሁ፣ ወይም የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ አደርሳለሁ። አሮጌው ፊልትሮም ሌሊቱን ሳፋው ላይ ተደፍቶ ካደረ በኋላ ነው የሚጣለው፤ ጠዋት ላይ ከሱ የሚገኘው ዘይት ሁልጊዜ ያስገርመኛል። መሬት ላይ የፈሰሰውን በሰጋቱራ እሸፍንና ሲመጠጥ እጠርገዋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራው ከማለዳ እስከ ቀትር ወስዶብኝ ነበር፤ አሁን ከሞተር ማሞቅ ጀምሮ እጅ እስከ መታጠብ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃኛል። መጋቢትና መስከረም ላይ እቀይራለሁ፤ መስከረም ላይ ክረምቱ ያረጠበው ዘይት እንዲወጣ፣ መጋቢት ላይ የበጋው አቧራ እንዲጠረግ። የጥፍር ቀለሙን ባለቤቴ ከመሣሪያ ሣጥኔ ማስመለስ ትታለች፤ አዲስ ፊልትሮ ባሰርኩ ቁጥር የቀኑን ቁጥር በሱ እጽፍበታለሁ። አሁን በመኪናዋ ላይ ያለው "መስከረም 14" ይላል፣ የአዘዞው የጎማ ቀለበትም ከመሣሪያ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ በምስማር ተሰቅሎ ይገኛል።